መሥሪያ ቤታችሁ ስንት ሰው መያዝ ይፈቀድለታል? የሰው ኃይል ጣሪያን አንብቦና ቆጥሮ የመሥራት መመሪያ

አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ስሠራ ኃላፊያችን መጡና "መዋቅሩ ላይ አራት ክፍት መደብ አለ አይደል፣ በሉ ማስታወቂያ አውጡ" አሉን፣ እኛም ሳናንገራግር አወጣን፣ ፈተና ተፈተነ፣ አራት ልጆች አለፉ፣ የቅጥር ደብዳቤያቸውን ይዘው ሥራ ጀመሩ፣ የወሩ መጨረሻ ላይ ግን ፋይናንስ "እነዚህ ሰዎች በጀት አልተያዘላቸውም" ብሎ ፔሮሉን (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩን) መለሰልን። መዋቅሩ ፈቅዷል፣ በጀቱ አልፈቀደም። ልጆቹ ሁለት ወር ተኩል ያለ ደመወዝ ሠሩ፣ ሁለቱ ደሞ የነበራቸውን ሥራ ለቀው የመጡ ነበሩ፣ ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ፊታቸውን ማየት ራሱ ይከብደኝ ነበር። ጣሪያ የሚባለው ነገር አንድ እንዳልሆነ፣ ሁለት ሦስቱ ተደራርበው እንደሚገኙ የገባኝ ያኔ ነው። ቅጥር ሕጋዊ የሚሆነው ከሁሉም ዝቅ ባለው ጣሪያ ስር ሲያልፍ ብቻ ነው።

ይሄን የምጽፈው የኤችአር (የሰው ሀብት) ባለሙያ ለሆናችሁ፣ የሰው ኃይል ዕቅድ አዘጋጁ ለተባላችሁ የክፍል ኃላፊዎች፣ "ከጣሪያ በላይ ናችሁ" ተብላችሁ ግራ ለገባችሁ ሠራተኞችም ጭምር ነው። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፣ አሠራሩ ግን በጣም ይመሳሰላል፣ ስለዚህ ምሳሌ ከተለያየ አገር እያነሳሁ እሄዳለሁ፣ እናንተ የራሳችሁን አዋጅና ደንብ ጎን ላይ ዘርግታችሁ እያመሳከራችሁ ሂዱ።

1. መጀመሪያ የትኛው ዓይነት ጣሪያ እንደያዛችሁ ለዩ

ብዙ ሰው በቀጥታ መዋቅሩን ገልጦ መደብ መቁጠር ይጀምራል፣ እኛም የተሳሳትነው እዚሁ ላይ ነው። ከዛ በፊት ገደቡ የተጻፈው የት ነው የሚለውን ጠይቁ።

አንዱ ዓይነት ቁጥሩ ራሱ አዋጅ ላይ የተጻፈበት ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣችው ሕግ የመንግሥት አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ቋሚ ሠራተኛ በድምሩ ከዚህ አይበልጥም ብላ ቁጥሩን ሕጉ ውስጥ አስገብታዋለች፣ አሁን ያለው ቁጥር 331,984 ነው፣ ለየሚኒስቴሩ ስንት ይድረሰው የሚለውን ደሞ ካቢኔው በደንብ ያከፋፍላል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣችው ሕግ ለየዓመቱ የሚወርድ ጣሪያ አስቀምጣ ነበር፣ በ1994 2,084,600 የነበረው በ1999 ወደ 1,882,300 እንዲወርድ። እንዲህ ዓይነት ጣሪያ ሥር ከሆናችሁ የእናንተ ሚኒስትር ቢፈልግም ባይፈልግም ከላይ ያለውን ቁጥር ማለፍ አይችልም፣ ለመጨመር ሕጉን ያወጣው አካል ጋ መሄድ ግድ ነው።

ሁለተኛው በየዓመቱ በበጀት አዋጅ የሚመጣ ጣሪያ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣችውና ከ2006 በጀት ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በተገበረችው የበጀት ሕግ መሠረት ፓርላማው ለየሚኒስቴሩ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የሠራተኛውንም ብዛት ያጸድቃል። እዚህ ላይ ዋናው ነገር ጣሪያው ዓመት ተቆጥሮለት መምጣቱ ነው፣ አምና የተፈቀደላችሁ ዘንድሮ ላይኖር ይችላል።

ሦስተኛው ሰው የሚባል ነገር አይቆጥርም፣ ብር ነው የሚቆጥረው። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው የፊስካል ኃላፊነት ሕግ የሠራተኛ ወጪ ከተጣራ መደበኛ ገቢ ለፌዴራሉ ከ50 በመቶ፣ ለክልሎችና ለከተማ አስተዳደሮች ደሞ ከ60 በመቶ እንዳይበልጥ አድርጋለች። የኬንያ ካውንቲዎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) እ.ኤ.አ. በ2015ቱ ደንብ 35 በመቶ ነው ገደባቸው። ፊሊፒንስ ደሞ እ.ኤ.አ. በ1991 የአካባቢ አስተዳደር ሕጓ ገቢያቸው ከፍ ያለ ለሆኑት (ከ1ኛ እስከ 3ኛ ደረጃ) 45 በመቶ፣ ዝቅ ላሉት 55 በመቶ ብላ ከፋፍላዋለች። እንዲህ ዓይነቱ ጣሪያ አንድ ተንኮል አለው፣ እናንተ ማንንም ሳትቀጥሩ ልትጥሱት ትችላላችሁ! ገቢ ከወረደ በመቶኛው በራሱ ይወጣል።

አራተኛው ሁላችሁም የምታውቁት ነው፣ የመደብ ዝርዝር፣ ማለትም በሲቪል ሰርቪሱ ወይም በሚመለከተው አካል የጸደቀ መዋቅር፣ እያንዳንዱ መደብ በቁጥሩ፣ በደረጃው፣ በተፈላጊ ችሎታው።

ከነዚህ ሁሉ ውጪ ደሞ "ቅጥር ታግዷል" የሚል ሰርኩላር አለ። ይሄ ብዙ ጊዜ የፖሊሲ ውሳኔ ነው እንጂ የሕግ ጣሪያ አይደለም፣ ግን እስኪነሳ ድረስ እንደ ሕግ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ቀኑን፣ ማን እንደፈረመውና ከእገዳው ነፃ የሆኑት እነማን እንደሆኑ ካላያችሁ አትለፉት። የቆየ ሰርኩላር ተነስቶ እንደሆነ ሳይጠየቅ ለዓመታት ሲከበር አይቻለሁ፣ ማንም "ይሄ ነገር አሁንም አለ ወይ" ብሎ አልጠየቀም።

እግረ መንገዴን፣ ገደብ ሲባል ሁሌ "ከዚህ አይበልጥ" ብቻ አይደለም፣ "ከዚህ አያንስ" የሚልም አለ። የአሜሪካ ኮንግረስ ለተወሰኑ ዓመታት ባጸደቃቸው የበጀት ሕጎች የድንበር ጠባቂው ቁጥር ከ21,370 እንዳያንስ ጽፎ ነበር፣ ስለዚህ እዛ የነበረ ኤችአር ጭንቀቱ የተገላቢጦሽ ነበር፣ ሰው ሲለቅበት ነበር ሕግ የሚጥሰው። የእናንተም ሕግ ለተወሰነ ሙያ ዝቅተኛ ቁጥር አስቀምጦ ከሆነ ቅነሳ ስትሠሩ ያንን ክፍል ለብቻው አውጡት።

2. "ሠራተኛ" ማለት ማነው? ትርጓሜውን አንብቡ

እኔ ቢፈቀድልኝ ለእያንዳንዱ አዲስ የኤችአር ባለሙያ መጀመሪያ የማስነብበው የትርጓሜ አንቀጹን ነው። ጣሪያው 200 ነው ይባላል፣ 200 ምን? ሰው? መደብ? የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ አቻ? ቋሚ ብቻ ነው ወይስ ኮንትራትም ይገባል? በትውስት ሌላ መሥሪያ ቤት የሄደው የማነው፣ የላከው ቤት ይቆጥረዋል ወይስ የተቀበለው? ያለ ደመወዝ ፈቃድ ላይ ያለችውስ? የተሿሚዎች ጽሕፈት ቤትስ? እነዚህን ጥያቄዎች ወረቀት ላይ ጻፉና ለእያንዳንዱ የአንቀጽ ቁጥር ፈልጉለት፣ አንቀጽ ያልተገኘለትን ለሚመለከተው አካል በደብዳቤ ጠይቁ፣ በስልክ አይደለም በደብዳቤ፣ ምክንያቱም ኦዲተር ሲመጣ በስልክ የተባለውን ማንም አያስታውስም።

የጃፓኑ ቁጥር ለምሳሌ የጦር ኃይል አባላቱን አይጨምርም፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ደሞ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸውን የቻሉ ተቋማት ስለሆኑ የነሱ ሠራተኞች ከቆጠራው ወጡ፣ መምህሩ እዛው ክፍል እዛው ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ነው ከቁጥሩ የወጣው። ቁጥር ቀነሰ ሲባል ሰው ቀነሰ ማለት ላይሆን እንደሚችል ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

አሁን የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ አቻ የሚባለውን ነገር እንይ፣ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፣ ሰው ሳይሆን የሥራ ሰዓት ነው የሚቆጠረው። አሜሪካኖቹ አንድ ሠራተኛ በዓመት 2,080 ሰዓት (52 ሳምንት በ40 ሰዓት) ብለው ይጀምራሉ፣ ግማሽ ቀን የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ተደምረው አንድ ይሆናሉ። ፈረንሳዮቹ ደሞ ጊዜውንም ያስገባሉ፣ አንድ ሰው 80 በመቶ ሰዓት እየሠራ ዓመቱ አጋማሽ ላይ ቢቀጠር 0.8 በ6 ወር ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል 0.4 ብቻ ነው የሚሆነው።

ከዚህ የሚከተለው ጥያቄ ቆጠራው በአንድ ቀን ያለውን ፎቶ ነው የሚያየው ወይስ የዓመቱን አማካይ ነው? ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጣሪያችሁ 100 ነው እንበል፣ ዓመቱን ሙሉ 96 ሰው አላችሁ፣ ዓመቱ አጋማሽ ላይ 8 ሰው ቀጠራችሁ። በአማካይ ከሆነ 8ቱ ግማሽ ዓመት ብቻ ስለሠሩ 4 ሆነው ይቆጠራሉ፣ ድምሩ 100፣ ልክ ልክ። በቀን ፎቶ ከሆነ ግን የዓመቱ መጨረሻ ላይ 104 ናችሁ፣ ጥሳችኋል። በአማካይ የሚቆጥረውም ቢሆን ደስ አይበላችሁ፣ በሚቀጥለው ዓመት 8ቱም ሙሉ ዓመት ስለሚሠሩ አንድ ሰው ሳትቀጥሩ 104 ላይ ትገኛላችሁ። ዓመቱ መጨረሻ አካባቢ "ገና ቦታ አለን እኮ" ተብሎ የሚደረግ የቅጥር ግርግር የሚያመጣው ጣጣ ይሄ ነው፣ ዕዳው የሚመጣው በማግስቱ ነው። ስለዚህ ኤክሴላችሁ ላይ ሁልጊዜ ሁለት ዓምድ ይኑር፣ የዘንድሮ ውጤትና የሙሉ ዓመት ውጤት።

3. ያለውን ሰው በእጃችሁ ቁጠሩ

ሦስት ሊስት ያስፈልጋችኋል። የጸደቀው መዋቅር ከነመደብ ቁጥሩ፣ የሠራተኞች የግል ማህደር ዝርዝር፣ የመጨረሻው ወር ፔሮል። ሦስቱ ከሦስት ቢሮ ስለሚመጡ ሦስቱም ይለያያሉ፣ አይግረማችሁ። አንድ ፋይል ላይ አምጡና በሠራተኛ መለያ ቁጥርና በመደብ ቁጥር አገናኙ፣ በስም አታገናኙ፣ ስም አንዱ ቦታ በሀሌታው ሀ ሌላው ቦታ በሐመሩ ሐ ስለሚጻፍ ኤክሴሉ ሁለት ሰው ነው ብሎ ያስባል፣ እኔ በዚህ ምክንያት አንዲትን ሴት ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ሪፖርት ልልክ ነበር።

ሲገናኙ የሚወጣው ነገር ብዙ ነው። ፔሮል ላይ ያለ ማህደር ግን የሌለው ሰው ካለ ወይ ማህደሩ ጠፍቷል ወይ ሰውየው ራሱ የለም፣ ይሄ የሙት ደመወዝተኛ የሚባለው ነው፣ ዝም ብላችሁ አትሰርዙት፣ ለውስጥ ኦዲት በጽሑፍ አሳውቁ። ማህደር ኖሮት ፔሮል ላይ ያልታየ ሰው ካለ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ላይ፣ ትምህርት ላይ፣ ታግዶ ጉዳዩ እየታየ ያለ ወይም በትውስት የሄደ ሊሆን ይችላል፣ እያንዳንዱን ለዩ። አንድ መደብ ላይ ሁለት ሰው ተቀምጦ ታገኛላችሁ፣ ይሄ የሚመጣው አንዷ ትምህርት ስትሄድ ሌላ ሰው ቦታዋ ላይ ተቀጥሮ እሷ ስትመለስ ማንም ስላላሰበበት ነው። በተቃራኒው ደሞ መደቡ መዝገብ ቤት ሆኖ ሰውየው ከተቀጠረ ጀምሮ የኃላፊ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሚሠራ አለ፣ መዝገብ ቤት በሰው እጥረት እያለቀሰ ወረቀት ላይ ግን ሙሉ ነው።

የመጨረሻውን ነገር በወረቀት አታገኙትም፣ ተነስታችሁ ቢሮ ለቢሮ መዞር አለባችሁ። ዙሩ! ሁለት ቀን ይፈጅ ይሆናል ግን ከዛ በኋላ ማንም ኃላፊ ስብሰባ ላይ የፈጠረውን ቁጥር ይዞ አያፋጥጣችሁም።

4. ክፍት ከሚባሉት መደቦች እውነት ክፍት የሆኑትን አጣሩ

ይሄ አጭር ነው። ከክፍት መደቦች ላይ እነዚህን ቀንሱ፤ ባለቤታቸው የመመለስ መብት ያላቸው (ትምህርት፣ ሕክምና፣ ወሊድ፣ ትውስት)፣ ፍርድ ቤት ወይም ቅሬታ ሰሚ ጋ ክርክር ያለባቸው፣ በእገዳ ሰርኩላር የተያዙ፣ ለውስጥ ዕድገት ወይም ለድልድል የተያዙ፣ በጀት ያልተያዘላቸው። የቀረው ነው ክፍት መደብ የሚባለው። እኛ ቤት ያኔ ይሄን ሠርተነው ቢሆን አራቱ መደቦች ወደ ዜሮ ይወርዱ ነበር።

ክርክር ያለበትን በተለይ ተጠንቀቁ፣ የተሰናበተ ሰው ይግባኝ ብሎ "ወደ ሥራው ይመለስ" ከተባለለት እናንተ ደሞ በቦታው ሌላ ሰው በቋሚነት ከቀጠራችሁ አንድ መደብ ላይ ሁለት ሕጋዊ ባለመብት ይኖራችኋል፣ አንዱን ማስወጣት አትችሉም፣ ከጣሪያ በላይ ናችሁ፣ ጥፋቱም የራሳችሁ ነው።

5. ገንዘቡን አስሉ፣ የመነሻ ደመወዙን ብቻ አይደለም

አንድ ሰው የሚያስወጣው ደመወዙ ላይ የአሠሪው የጡረታ መዋጮ፣ የተለያየ አበል፣ የዕርከን ጭማሪ፣ ካለ የኢንሹራንስ ወጪ ተደምሮ ነው። ሕጉ "የሠራተኛ ወጪ" ሲል ከነዚህ የትኞቹን እንደሚጨምር አንብቡ። ከዛ የቀረውን በጀት ለቀሩት ወራት ሳይሆን ለሙሉ ዓመት አካፍላችሁ እዩት፣ ምክንያቱን ቁጥር 2 ላይ ነግሬያችኋለሁ።

"ከሥራ ማስኬጃ ላይ አዙረን ደመወዝ እንከፍላለን" የሚል ኃላፊ ሁሌም አለ። መፈቀዱን ሳታረጋግጡ እሺ እንዳትሉ። ፈረንሳይ ውስጥ ለምሳሌ ለሠራተኛ የተያዘ ገንዘብ ወደ ሌላ ወጪ መዞር ይችላል፣ ከሌላ ወጪ ወደ ሠራተኛ ግን አይዞርም፣ በሩ ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚከፈተው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ የተገዛ ወንበር አንዴ ተከፍሎ ያልቃል፣ የተቀጠረ ሰው ግን እስከ ጡረታው ድረስ በየወሩ ይከፈለዋል።

በመቶኛ የሚሠራ ጣሪያ ስር ያላችሁ ደሞ ጣሪያው ጋ እስክትደርሱ አትጠብቁ፣ ብዙ ሕግ ከጣሪያው በታች ማስጠንቀቂያ መስመር አለው። የብራዚሉን ብንወስድ ወጪው የገደቡ 90 በመቶ ላይ ሲደርስ የሒሳብ ፍርድ ቤቱ (የመንግሥትን ሒሳብ የሚመረምረው አካል) ያስጠነቅቃል፣ 95 በመቶውን ሲያልፍ አዲስ መደብ መፍጠር፣ ደመወዝ መጨመርና መቅጠር ይከለከላል፣ በትምህርት፣ በጤናና በጸጥታ ውስጥ ጡረታ የወጣን ወይም የሞተን ሰው ከመተካት በቀር። የሥልጣን ዘመን ሊያልቅ 180 ቀን ሲቀረው የሠራተኛ ወጪ የሚጨምር ውሳኔም እዛ ዋጋ የለውም፣ ተሰናባች ሹም ለሚቀጥለው ሰው የደመወዝ ዕዳ ጥሎ እንዳይሄድ። በዚህ አንቀጽ ላይ እኔ ባርኔጣዬን አነሳለሁ፣ የጻፈው ሰው ቢሮ ውስጥ የኖረ ሰው መሆን አለበት።

6. ተጨማሪ ሰው ካስፈለጋችሁ ጥያቄውን በሥራ መጠን አስደግፉ

"የሥራ ጫና ስላለብን" የሚል ደብዳቤ የትም አይደርስም፣ ሁሉም መሥሪያ ቤት የሚጽፈው እሱን ነው። የሚሠራው ስሌት ነው። በዓመት ስንት ጉዳይ ይመጣል፣ አንዱ ጉዳይ ስንት ደቂቃ ይፈጃል፣ አንድ ባለሙያ ፈቃዱ፣ በዓሉ፣ ሥልጠናውና ሕመሙ ተቀንሶ በዓመት ስንት ሰዓት በትክክል ይሠራል። ለምሳሌ 18,000 ፋይል በ40 ደቂቃ 12,000 ሰዓት ነው፣ አንድ ሰው በተጨባጭ 1,600 ሰዓት የሚሠራ ከሆነ 7.5 ሰው ያስፈልጋል፣ አሁን 5 ካላችሁ የሚጎድለው 2.5 ነው። ደቂቃውን ከራሳችሁ አታምጡ፣ ሁለት ሳምንት ያህል በፎርም መዝግቡት፣ ደብዳቤውን የሚያይ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ደቂቃው ግምት ነው ወይስ የተለካ ነው የሚል ነው የሚሆነው።

እና እውነቱን ልናገር፣ ይሄን ስሌት ስትሠሩ አንዳንዴ ሰው እንደማያስፈልጋችሁ ታውቃላችሁ። ከ40 ደቂቃው 15ቱ ፊርማ ፍለጋ ፎቅ መውጣትና መውረድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እሱን ካስቀራችሁ 18,000ው ፋይል በ25 ደቂቃ 7,500 ሰዓት ብቻ ነው፣ 4.7 ሰው፣ አምስቱ ይበቃሉ። እንደዛ ከሆነ ደብዳቤውን አትላኩት።

ጥያቄው ከሄደ የማጽደቅ ሥልጣን ያለው አካል ማን እንደሆነ በአዋጁ አረጋግጡ፣ መዋቅር የሚያጸድቀውና በጀት የሚፈቅደው አንድ አካል አይደለም፣ ከሁለቱም የጽሑፍ መልስ ያስፈልጋችኋል። መልሱ ላይ የመደብ ቁጥር፣ ደረጃና የሚጀምርበት ቀን ካልተጻፈ መልሳችሁ ጠይቁ። ሁለቱ ደብዳቤ እጃችሁ ሳይገባ ማስታወቂያ አታውጡ፣ ኃላፊው ቢቆጣም፣ "እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ" ቢልም። ከወሰደ በጽሑፍ ይውሰድ።

7. ማምለጫ የሚመስሉት መንገዶች

ጣሪያው ሲጠብ ሰው መላ መፈለጉ አይቀርም። ኮንትራት፣ በቀን ሒሳብ የሚከፈል፣ በኤጀንሲ የመጣ፣ አማካሪ፣ ተለማማጅ፣ በጎ ፈቃደኛ። አንዳንዱ ሕጋዊ ነው፣ አንዳንዱ አይደለም፣ መለያው ግን ስሙ ሳይሆን ሥራው ነው። ኮንትራት የሚፈቀደው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያና መጨረሻ ላለው ሥራ ነው፣ ሰውየው ለአምስተኛ ጊዜ እየታደሰለት የዘወትር ሥራ የሚሠራ ከሆነ ግን እናንተ ኮንትራት ትሉታላችሁ፣ ፍርድ ቤት ደሞ ቋሚ ነው ሊለው ይችላል፣ ያኔ መደብ የሌለው ቋሚ ሠራተኛ ይኖራችኋል ማለት ነው።

ሕጉን ያወጡትም ይሄን ያውቃሉ። የብራዚል ሕግ የመንግሥት ሠራተኛን ለመተካት በውጭ ድርጅት የሚሠራ ሥራ ወጪው የሠራተኛ ወጪ ሆኖ እንዲቆጠር ይላል፣ ስለዚህ በኤጀንሲ ብታመጡትም ከመቶኛው አያመልጥም። አሜሪካ ውስጥ ደሞ የፌዴራል መሥሪያ ቤት በሕግ ካልተፈቀደለት ወይም የሰው ሕይወትና ንብረት ላይ አደጋ ካልመጣ በቀር የነፃ አገልግሎት ራሱ መቀበል አይችልም፣ ዛሬ በነፃ የሠራ ነገ ይከፈለኝ ብሎ ይመጣልና። በሌላ በኩል የኮንትራክተር ሠራተኞች በሙሉ ጊዜ አቻ ቆጠራው ውስጥ አይገቡም፣ ይሄ ነው ቆጠራው ቀንሶ ሥራው ግን ሳይቀንስ የሚታየው። እዛው አገር ለመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ሲቪል ሠራተኞች በቁጥር ጣሪያ ሳይሆን በሥራ መጠንና በተፈቀደ ገንዘብ እንዲተዳደሩ የሚል ለብቻው የወጣ ሕግ አለ፣ የቁጥር ጣሪያ ብቻውን ሰውን ወደ ኮንትራት ገፍቶ ወጪውን ሊያበዛ እንደሚችል ለምታስረዱት ኃላፊ ጥሩ ምሳሌ ነው።

የእኔ ምክር፣ ማምለጫ ከመፈለጋችሁ በፊት ውስጥ ለውስጥ አዘዋውሩ። ቁጥር 3 ላይ ያገኛችሁት የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ አለ አይደል፣ እሱን መመለስ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። (ኃላፊውን ከማሳመን በቀር፣ እሱ ደሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።)

8. ከጣሪያ በላይ ከሆናችሁ

አትደናገጡ፣ ሰነዱንም አትደብቁ። መጀመሪያ በቁጥር ነው ወይስ በገንዘብ ነው ያለፋችሁት የሚለውን ለዩ፣ መፍትሔው የተለያየ ነው። በቁጥር ከሆነ ክፍት የሚሆኑትን መደቦች ባለመተካት፣ ጡረታና ዝውውርን በመጠበቅ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ጡረታ የሚወጡትን ዝርዝር አሁኑኑ አውጡ። በገንዘብ ከሆነ ግን አንድ ከፍተኛ ደረጃ ያለው መደብ ሳይተካ መቅረቱ ሦስት ዝቅተኛ መደብ ከመዝጋት የበለጠ ሊያቃልል ይችላል።

ሕጉ የማስተካከያ ጊዜ ይሰጥ እንደሆነ እዩ። ብራዚል ከገደቡ ያለፈው ወጪ በሁለት የአራት ወር ጊዜ ውስጥ እንዲወገድ፣ ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ደሞ በመጀመሪያው እንዲቃለል ታደርጋለች። ቅደም ተከተሉን ደሞ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ነው የጻፈው፤ መጀመሪያ በሹመትና በእምነት የሚያዙ ቦታዎች ወጪ ቢያንስ በ20 በመቶ ይቀንስ፣ ቀጥሎ ቋሚነት ያላገኙ ሠራተኞች፣ ይሄ ሁሉ ካልበቃ ብቻ ቋሚ የሆኑት፣ እነሱም ላገለገሉበት እያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ካሳ አላቸው። የተዘጋው መደብ ደሞ ለአራት ዓመት በተመሳሳይ ሥራ ተመልሶ አይከፈትም፣ ሰውን በቅነሳ ስም አስወጥቶ በሦስተኛው ወር ዘመድ መቅጠር አይቻልም ማለት ነው። የራሳችሁን ሕግ ስታነቡ እነዚህን አራቱን ፈልጉ፣ ጊዜ ገደብ፣ ቅደም ተከተል፣ ካሳ፣ መልሶ የመክፈት እገዳ።

ሰው መቀነስ ግድ ከሆነ መስፈርቱ አስቀድሞ የተጻፈ መሆን አለበት፣ ስሞቹ ከታወቁ በኋላ የሚጻፍ መስፈርት ለፍርድ ቤት ይግባኝ የተዘጋጀ ስጦታ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የቅጥሩን ዓይነት፣ የጦር አገልግሎት ቅድሚያን፣ የአገልግሎት ዘመንንና የሥራ አፈጻጸምን ያያል፣ ማስታወቂያውም በመደበኛው 60 ቀን ቀድሞ መሰጠት አለበት። የእናንተ መስፈርት ሌላ ይሆናል፣ ዋናው ነገር መኖሩና ለሁሉም እኩል መሥራቱ ነው።

"ቅጥርህ ከጣሪያ በላይ ነው" ለተባልክ ወይም ለተባልሽ ሠራተኛ፣ ሁለት ጥያቄ አትቀላቅሉ። አንዱ ቅጥሩ ይጸናል ወይ ነው፣ ሌላው እስከዛሬ ለሠራችሁበት ይከፈላችኋል ወይ ነው፣ የመጀመሪያው ቢወድቅ እንኳ ሁለተኛው ለብቻው ይጠየቃል። የቅጥር ደብዳቤውን፣ የማስታወቂያውን ኮፒ፣ ሥራ የጀመራችሁበትን ማረጋገጫና የሰዓት ፊርማ ስካን አድርጋችሁ ከቢሮ ውጪ አስቀምጡ፣ ከዛ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ምክንያቱን ጠይቁ፣ የትኛው አንቀጽ፣ የትኛው ጣሪያ፣ በስንት ነው ያለፈው ብላችሁ። የይግባኝ ቀን ቶሎ ያልፋል፣ አዋጁ ላይ ስንት ቀን እንዳላችሁ በዛው ዕለት እዩ። የእኛዎቹ ልጆች የድካማቸውን ያገኙት አንዷ የማስታወቂያውን ኮፒ ከሰሌዳው ላይ በስልኳ ፎቶ አንስታ ስለነበር ነው፣ እኛ ቢሮ ያለው ዋናው ቅጂ እስካሁን አልተገኘም።

9. በየወሩ አንድ ገጽ

ይሄ ሁሉ ሥራ በዓመት አንዴ ከተሠራ ይከብዳል፣ በየወሩ ከተሠራ ግማሽ ቀን ነው። አንድ ገጽ ላይ የተፈቀደው ጣሪያ ከነአንቀጹ፣ በወሩ መጨረሻ ያለው ሰው፣ የዓመቱ አማካይ እስካሁን፣ በሙሉ ዓመት ሒሳብ የሚደርስበት፣ የወጣና የገባ ሰው፣ የቀረ በጀት። ከስሩ የኤችአርና የፋይናንስ ፊርማ ጎን ለጎን ይሁን፣ ሁለቱ አንድ ወረቀት ላይ ካልፈረሙ ሁለት የተለያየ ቁጥር ይዘው ነው የሚኖሩት። ወረቀቱ ለኃላፊው ሲሄድ ኮፒው ማህደር ላይ ይቅር፣ ኃላፊ ይቀየራል፣ እናንተም ትዛወራላችሁ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመጣው ኦዲተር የሚጠይቀው ግን ያኔ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ነው።